ለሐጂ ያልከፈትኩት በር

ሐጂ የምላቸው ሰው ጎረቤቴ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም። ጎረቤት ስል አጥር የምንጋራ አይደለንም፤ እኔ የምኖረው በተከለለው የችግኝ መሬት ውስጥ በቆርቆሮ በተሠራች አንዲት ክፍል ነው፣ እሳቸው ከጎርፉ ቦይ ማዶ ከነቤተሰባቸው ነበሩ። ከቱሊ ጉሌድ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ሜዳ ላይ ከእሳቸው በቀር ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው አልነበረም። አሁን እሳቸውም የሉም። አልሞቱም፣ ሄዱ። ያባረርኳቸው እኔ ነኝ የሚል አለ፤ ድርቁ ነው የሚልም አለ። እኔ የሆነውን እጽፋለሁ፣ ያነበበ የፈለገውን ይበል።

የጅጅጋ ልጅ ነኝ። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚያው ቀረ። ትምህርት ቤት የሚልከኝ አልነበረም፣ እኔም ላኩኝ አላልኩም። ጉልበቴን እየሸጥኩ ኖርኩ፤ ከጭነት መኪና ላይ ሩዝና ስኳር ሳወርድ ሶማልኛውንም ከጆንያው ጋር ተሸከምኩት። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፣ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ አገጬን በሚነካበት የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጬ። ስለዚህ አጻጻፌ ለማያምረው ሰው ይቅርታ አልጠይቅም፤ የሚያምር ከፈለገ በልጅነቱ የተማረ ሰው ይፈልግ።

በ2010 ክረምት ከተማው ሲታመስ ሚስቴ ልጃችንን ይዛ ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ ሄደች። ነገሩ በረደ፣ ሰው ተመለሰ፣ ሱቁ ተከፈተ፤ እሷ አልተመለሰችም። እኔ ነይ አልኳት፣ እሷ ና አለችኝ። ሁለታችንም ግትር ነን፤ እንዲሁ ቀረ። ስልክ እንደዋወላለን። ስለ ልጅቷ እናወራለን፣ ሲያልቅብን እንዘጋለን።

ሥራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በተራቆተ የእርሻ መሬት ላይ የአገር ዛፍ እንተክላለን የሚል ፕሮጀክት ጥበቃ ይፈልግ ነበር፤ ሁለቱን ቋንቋ የሚችል፣ ማንበብ የሚችል፣ ብቻውን ማደር የማይፈራ። ብቻዬን ማደሩን ለምጄዋለሁ አልኳቸው። ቀጠሩኝ።

መሬቱ የሐጂ ነው። አባታቸው ከብት እየነዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሐጂ ጎልማሳ ሳሉ ማሽላ መዝራት ይሻላል ብለው ከወንድሞቻቸው ጋር ግራሩን መነጠሩት፤ እንጨቱ ከሰል ሆኖ ጅጅጋ ተሸጠ። መጀመሪያ ላይ ማሽላው ቆሞ የሚሄድን ሰው ይሰውር ነበር ይላሉ። ኋላ አፈሩን ጎርፍ እያጠበ ወሰደውና ድንጋይና ቦረቦር ቀረ። ዘሩን እንኳ የማይመልስ መሬት ሆነ። ፕሮጀክቱ ሲመጣ ሐጂ እምቢ የሚሉበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ስብሰባው የተደረገው በመንደሩ መስጊድ ግድግዳ ጥላ ሥር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ስለ ካርቦን አስረዳ። ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ጭስ ዓለሙን እያሞቀው እንደሆነ፣ ዛፍ ግን ከዚያ ውስጥ እየሳበ በግንዱና በሥሩ እንደሚያኖረው፣ የጠፉ ወፎችና አውሬዎችም ዛፉን ተከትለው እንደሚመለሱ ተናገረ። እኔ ወደ ሶማልኛ መለስኩት። ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«የሩቅ ሰው ጭስ እኔ መሬት ውስጥ ሊቀበር ነው?»

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ይቀበር። ለቀብር ቦታ መስጠት አላህ ዘንድ አጅር አለው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለሙያው ምን አሉ ሲለኝ ተስማምተዋል አልኩት።

ቀጥሎ የአጥሩ ነገር ተነሳ። ከብትም ፍየልም ግመልም አይገባም፣ መሬቱ ይዘጋል ተባለ። ሐጂ ቶሎ ነው እሺ ያሉት፤ ሌሎቹም ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው፣ ያየው ግን የለም። በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ ግጦሽ መዝጋት የቆየ ልማድ ነው፤ ሴሬ ይሉታል። ሽማግሌዎች ተነጋግረው አንድ መስክ ይከልላሉ፤ ዝናብ ባለበት ጊዜ ማንም ከብት አይነዳበትም፣ የደፈረም ይቀጣል። የሚዘጋው ግን ለክፉ ቀን ሊከፈት ነው። ሰማዩ እምቢ ብሎ ሌላው መስክ ሲያልቅ ያ ይከፈታል፣ ከብቱም ይተርፍበታል። ፕሮጀክቱ ይዘጋል ሲል ደግሞ ዛፉ እስኪያድግና ካርቦኑን እስኪይዝ ድረስ ማለቱ ነው፤ ያ ማለት ሐጂ ከሞቱም በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ እስከ መቼ ብለው አልጠየቁም፤ ለእነሱ ግልጽ ነው። የፕሮጀክቱ ሰዎችም እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገሩም፤ ለእነሱም ግልጽ ነው። ኋላ ላይ፣ አንተ አልነበርክ እንዴ አስተርጓሚው፣ ያሉኝ ነበሩ። እኔ የተባለውን አስተረጎምኩ። ያልተባለውን ከየት አምጥቼ ላስተርጉም?

ቆፈርን። ዝናብ ሲመጣ ውሃው እንዲቆም ለየጉድጓዱ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ የአፈር ክትር ሠራንለት። ግራርና በደኖ፣ ሶማሌው ጎብ የሚለውን ቁርቁራ፣ ዳገት ዳገቱን ደግሞ ዘሩ ከካራማራ የተለቀመ ወይራ ተከልን። ቆፋሪዎቹ የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። ተከላው ሲያልቅ ወደየቤታቸው ሄዱ፣ እኔ ከችግኙ ጋር ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአንድ ሰው ነው። ምስጥ የወረረውን ታያለህ፣ ብርካ ከሚባለው የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ቀድተህ የጠወለገውን ታጠጣለህ፣ ፍየል የቀደደውን አጥር በእሾህ ትደፍናለህ። ዛፍ እወዳለሁ ብዬ አልዋሽም። ሥራ ነው ብዬ ነው የገባሁበት። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ዕቃ ሳወርድና ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በእጄ ያስቀመጥኩት ነገር እዚያው ቆይቶ ሲያድግ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳሳሁለት። ሌላ ቃል የለኝም።

በሩ ላይ «ከብት ማስገባት ክልክል ነው» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍኩ፤ ከሥሩ ሶማልኛውን ሌላ ሰው ጻፈው። ለሕዝብ እንዲታይ ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፣ ደጋግሜ እየሄድኩ አየው ነበር። ሐጂ አዩትና ላሞቻቸው አማርኛ እንዳልተማሩ፣ እኔም ብሆን ገና ትናንት እንደተማርኩ ነገሩኝ።

ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ ይመጡ ነበር፣ ትንሿን ሬዲዮናቸውን በክንዳቸው ሥር ይዘው። ከሩቅ ይጀምሩኛል።

«የዛፍ ሞግዚት፣ ልጆችህ ዛሬም አለቀሱ?»

«እርስዎ የከብት ሎሌ፣ ጌቶችዎ ለቀቁዎት?»

ስድቡ ካልቀደመ ወሬው አይጀመርም። ሐጂ የማይወዱትን ሰው በትህትና ነው የሚያናግሩት፤ የሚሰድቡት የወደዱትን ብቻ ነው። ጫታቸውን ዘርግተው ዜናውን እየሰሙ መንግሥቱንም ነጋዴውንም ዘመዳቸውንም ይሰድባሉ፣ በመጨረሻ ተራው የእኔ ይሆናል። ቦቃ ግንባር ያላት አንዲት ቀይ ላም ነበረቻቸው፤ ስለ እሷ ሲያወሩ ብቻ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ስለ ሚስቴም ይጠይቁኝ ነበር። ሂድና አምጣት፣ ዛፍ እንደሁ አይሸሽም፣ ይሉኛል። እኔ ደግሞ እሷ ትምጣ እላለሁ። ሞኝ ነህ ይሉኛል። አመሻሹ ላይ ሲነሱ በሩ ድረስ እሸኛቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ብቸኛ ነኝ እል ነበር። ብቸኝነት ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

ከዚያ ዝናቡ እምቢ አለ። አንድ ወቅት ቢቀር ሰው ይችለዋል። ካራን የሚሉት የክረምቱ ዝናብ ጠብ ሳይል አለፈ፣ በልጉም ደረቀ፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ብርካው ጭቃ ሆነ፣ ቆይቶም ጭቃው ተሰነጠቀ። ውሃ በቦቴ ይመጣል ተባለ፤ አንዳንዴ መጣ፣ አንዳንዴ ቀረ። ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የወደቀ ከብት ነበር፣ መኪና ሲያልፍ ሰው መስኮት ይዘጋል። ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬት የተጠረገ ግቢ መሰለ። ከአጥሩ ውስጥ ግን፣ እግር ስላልረገጠው፣ በደህናው ጊዜ የበቀለው ሣር እንደቆመ ነበር፣ ቢጫ ሆኖ፣ እስከ ጉልበት። ነፋስ ሲመታው ሹክ ሹክ ይላል። እኔ ያ ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ከብቱን ይዞ ለቆመ ሰው ምን እንደሚል አልጠየቅሁም።

ሐጂ መምጣታቸውን ቀነሱ። ሲመጡም ሬዲዮኑን ይከፍቱና ዝም ይላሉ፣ ሣሩን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። ስለ ድርቁ ሐሳብ የገባቸው ነው የመሰለኝ። አሁን ሳስበው ነገሩ ከእኔ አፍ እንዲወጣ ይጠብቁ ነበር፣ ባለበሩ እኔ ነኛ።

አንድ ጠዋት ሬዲዮናቸውን ሳይዙ መጡ። የተረፉትን ላሞቻቸውን እየነዱ ነበር። ቦቃዋ ከፊት ናት፤ የጎድን አጥንቷ ቆዳዋን ገፍቶ ወጥቷል፣ ስትቆም የኋላ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ሐጂ በሩ ላይ ቆሙ። አልሰደቡኝም።

«ክፈት» አሉኝ።

«ሐጂ፣ አልችልም።»

«ጊዜው ደርሷል እኮ።»

ጊዜው ደርሷል ሲሉ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ለካ እነዚያን ሁሉ ወራት ውል ሲያከብሩ ኖረዋል። የሌላ ሰው ፍየል አጥሩን ሲጠጋ በዱላቸው የሚመልሱት፣ የተዘጋ ነው እያሉ ጎረምሳውን የሚቆጡት፣ ለዚህ ቀን ብለው ነበር። ለዛፉ መስሎኝ ነበር እኮ።

ስልክ አወጣሁና ጅጅጋ ያለውን የፕሮጀክቱን አስተባባሪ ጠራሁት። ነገሩን ስነግረው አዘነ፣ ማዘኑን አልክድም። ግን አይሆንም አለ። ችግኙ ገና ወገብ ያልደረሰ ለጋ ስለሆነ ከሣሩ ጋር ተግጦ እንደሚያልቅ፣ መሬቱም እንደ ድሮው እንደሚሆን ነገረኝ። ሣሩን አጭዶ ማውጣት ግን ይፈቀዳል አለ። ስልኩን ስዘጋ ቀና አልኩ። ከሐጂ ጀርባ፣ ራቅ ብለው፣ የአካባቢው ሰዎች ፍየሎቻቸውን ይዘው ቆመዋል። የሚያዩት እጄን ነው፣ ቁልፉን። ለሐጂ ከከፈትኩ ለእነሱም ነው። ሁሉም ቢገቡ እስከ ማታ የሚተርፍ ነገር አይኖርም ነበር። ይህን ያኔም አውቅ ነበር፣ አሁንም አውቃለሁ።

«ሣሩን አጭጄ ቤትዎ ድረስ አመጣለሁ» አልኳቸው። «ላሞቹ ግን አይገቡም።»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ ነበር።

«የራሴን ሣር ትመጸውተኛለህ?» አሉና ላሞቹን አዞሩ።

ያን ቀን ምሳ ሳልበላ አጨድኩ። የማሽላ ማጭድ ነው፣ ሣሩ ደግሞ ደርቆ እንደ ሽቦ ሆኗል፤ መዳፌ ተላጠ። አስሬ በጀርባዬ ተሸክሜ ቦዩን ተሻገርኩና ደጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። የወጣ ሰው የለም። በማግስቱ ሌላ ሸክም ይዤ ስሄድ የትናንቱን ሣር የአንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው አህያ ሲበላው አገኘሁ። ሐጂ ናቸው ያሸከሟት። የራሳቸው ላሞች በረት ውስጥ ቆመው ያያሉ። ሁለተኛውንም እንደዚያው ሰጡት። በሦስተኛው ባለቤታቸው ወጥተው ከመንገድ መለሱኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው አብጦ ነበር። በእኛ ቤት የሚበላው የለምና አትድከም አሉኝ። ተሸክሜ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሄዱ። ደምበል ወረዳ የተዳረች ልጅ አለቻቸው፣ በዚያ በኩል ዝናብ ጥሏል የሚል ወሬ ነበር። ዕቃቸውን ግመል ላይ ጭነው፣ ላሞቹን ከኋላ እየነዱ ሲወጡ በአጥሩ በኩል አየኋቸው። ቀጥተኛው መንገድ በእኔ በር ነው የሚያልፈው፤ እሳቸው ቦዩን ይዘው ዞሩ። ቦቃዋ ደምበል አልደረሰችም። ይህን የነገረችኝ ቱሊ ጉሌድ ሻሂ የምትሸጥ ሴት ናት፣ ሳልጠይቃት፣ ብርጭቆዬን እየሞላች።

ዝናቡ ኋላ መጣ። መጣ ብቻ ሳይሆን ጎርፍ ሆነ። ግማሽ ጨረቃዎቹ ሞሉ፣ ችግኙ በዚያ ዓመት ሽቅብ ተመዘዘ። ዛሬ ግራሩ ከራሴ በላይ ነው፣ ከሥሩ መቀመጥ ይቻላል። ሰዎች ከጅጅጋም ከአዲስ አበባም ከውጭም እየመጡ የግንዱን ዙሪያ በሜትር ይለካሉ፣ ምን ያህል ካርቦን እንደያዘ ያሰላሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። አንዷ እንግዳ መንደሩ ደስተኛ ነው ወይ ብላ አስጠየቀችኝ። ዛፉ ደህና ነው አልኩ። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደነገራት አላውቅም፤ ፈገግ አለች። ጎበዝ ጠባቂ ብለው አጨበጨቡልኝም።

ባለሙያው እንዳለው አውሬውም ተመለሰ። ቆቅ መጣ። አንድ ጠዋት በወይራው በኩል እንሹ አየሁ፣ ሁለት ሆነው፣ ጆሯቸውን ቀስረው። የምነግረው ሰው ስላልነበረ ሚስቴ ጋ ደወልኩ።

«እንሹ ምንድን ነው?» አለችኝ። የከተማ ልጅ ናት።

«ትንሽ ሚዳቋ።»

«እና?»

እና ምን እላለሁ። ልጅቷ ደህና ናት ወይ ብዬ ዘጋሁ። የመንደሩ ሰው ሲያልፍ ሰላም ይለኛል። አይቀመጥም። ሰው ጥሩ ነው፣ ክፉ ያደረገኝ የለም፤ ግን ቀን ሙሉ ድምፄን ሳልሰማ የምውልበት ጊዜ አለ፣ ማታ ላይ ስናገር ጉሮሮዬ ይሻክራል።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ደምበል ሄድኩ። ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዛሁ፣ ባዶ እጅ አይኬድም። ሐጂ በልጃቸው ግቢ ዳስ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ከስተዋል። ሲያዩኝ ተነሱ። ለእኔ ተነስተው አያውቁም ነበር። አዲሱን ምንጣፍ አስነጠፉልኝ፣ ትራስ አስመጡልኝ፣ በወተት የተፈላ ሻሂ በትልቁ ብርጭቆ መጣልኝ። መንገዱ እንዴት ነበር አሉኝ። ጤናዬን ጠየቁኝ፣ የልጄን ጠየቁኝ። ለእያንዳንዱ መልስ አልሐምዱሊላህ ይላሉ። አንድ ሙሉ ብርጭቆ እስክጨርስ አንድም ስድብ አልወጣቸውም። ጨነቀኝ። እንደ ድሮው ላድርገው አልኩና፣

«የከብት ሎሌ፣ ጌቶችዎ ለቀቁዎት ዛሬ?» አልኳቸው።

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ሴት ልጃቸው የያዘችውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ቀጥ አለች።

«አለቁ» አሉ ሐጂ፣ በቀስታ፣ ልክ ሌላ እንግዳ እንደጠየቃቸው። «አንድም አልቀረ።»

ምድር አልተከፈተችልኝም። ስለዚህ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ብከፍት ኖሮ ሁሉም ይገባ ነበር፣ ሐጂ።»

«አውቃለሁ። ያን ሁሉ ፍየል እኔም አይቻለሁ። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ብሆን ለሌላ ሰው አልከፍትም።» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ለእኔ ግን ትከፍታለህ ብዬ ነበር።»

ትክክል ነበርኩ። ዛፎቹ ቆመዋል፣ ሄዶ ማየት ነው። መሬቱ የእርሳቸው እንደሆነ፣ ዘንድሮ ሣሩ ብዙ እንደሆነ፣ ቢመለሱ እያጨድን ጥጃ ማሳደግ እንደሚቻል ነገርኳቸው። ኢንሻአላህ አሉኝ፣ አይሆንም ለማለት በሚባልበት አኳኋን።

ፀሐይዋ ገና ከአናት ዘንበል ስትል ወደ ሰማይ አዩና፣

«መኪናው እንዳያመልጥህ» አሉኝ።

በዚያ አገር እንግዳ እንዲህ አይባልም። የሚቸኩል እንኳ እደር ተብሎ ይለመናል፣ እምቢ ካለም ጫማው ይደበቅበታል። እኔ ከምንጣፉ ተነስቼ ስዞር ጫማዬ በር ላይ ነበር። የሆነ ሰው አንስቶ አቧራውን አራግፎለት፣ አፉን ወደ መንገዱ አዙሮ ጎን ለጎን አስቀምጦታል። አጥልቄው ወጣሁ።